ገዳም የወለደው ኮሌጅ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ኮሌጅ ነው። ቦታው ኮሌጅቪል ይባላል። በሰሜን አሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ዘለግ ያለ መንገድ ተሂዶ ይደረስበታል። ከተማ ለማለት ያስቸግራል፤ ደን አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ገዳም አለ፣ ኮሌጅ አለ፣ በቃ። ኮሌጁ ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በዚሁ ስም የሚጠራ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ኒውዮርክ ውስጥ ስላለ እንዳታምታቱብኝ፤ የኔው ትንሹ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይባል እንጂ፣ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቱን ወደ ጎን ከተውነው፣ ዋና ሥራው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው።

ስለ ካቶሊክ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች በጥቅሉ ከማውራት አንዱን ይዞ ማገላበጥ ይሻላል ብዬ ይህን መረጥኩ። ሁለተኛው ምክንያቴ የኛው ጉዳይ ነው። ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተቀርጸው የተቀመጡት በዚህ ኮሌጅ ግቢ ነው። የካቶሊክ መነኮሳት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን መጻሕፍት ምን ቤት ነን ብለው ጠበቁ? ንግግሬ የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጣሊያን ነው። ቅዱስ ቤኔዲክት በ480 ገደማ ተወለደ፤ በሞንቴ ካሲኖ ተራራ ላይ ገዳም መሠረተ፤ ለመነኮሳቱም 73 ምዕራፍ ያለው የገዳም ሥርዓት ጻፈላቸው። በእኛ አገር ተሰዓቱ ቅዱሳን ገዳማትን ካቀኑበት ዘመን ብዙም የሚርቅ አይደለም። ሥርዓቱ ስለ ኮሌጅ አንድ ቃል የለውም። ሦስት ምዕራፎቹን ያነበበ ሰው ግን ኮሌጁ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። 48ኛው ምዕራፍ በዐቢይ ጾም እያንዳንዱ መነኩሴ ከመጻሕፍት ቤቱ አንድ መጽሐፍ ተሰጥቶት ከዳር እስከ ዳር እንዲያነበው ያዝዛል፤ በንባብ ሰዓት ሥራ ፈቶ የሚያወራ እንዳይኖር እየዞሩ የሚያዩ ሽማግሌዎችም ይመደባሉ። (እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች በዛሬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቢዞሩ ስንቶቻችን ከስልካችን ጋር እንደምንያዝ እግዜር ይወቀው።) 31ኛው ምዕራፍ መጋቢው የገዳሙን ዕቃ ሁሉ እንደ መሠዊያ ንዋየ ቅድሳት አድርጎ እንዲይዝ ይላል። 53ኛው ደግሞ የመጣ እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ እንዲስተናገድ ይላል። ማንበብ፣ ዕቃን መያዝ፣ እንግዳ መቀበል፤ እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

በ1856 ጥቂት የቤኔዲክት መነኮሳት ከፔንሲልቬንያ ተነሥተው ወደ ሚኒሶታ መጡ። የመጡት በአካባቢው ለሰፈሩ የጀርመን ካቶሊክ ገበሬዎች ቅዳሴና ትምህርት ሊያደርሱ ነው። በዓመቱ፣ በ1857፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት የትምህርት ቤት ፈቃድ ሰጣቸው። ሚኒሶታ ራሷ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ሆና የታወቀችው በ1858 ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ግዛቲቱን በአንድ ዓመት ይበልጣታል። ሴቶች መነኮሳትም በዚያው በ1857 ደርሰው ነበር፤ እነሱ በአቅራቢያው በሴንት ጆሴፍ ከተማ በ1913 የሴቶች ኮሌጅ ከፈቱ፤ ሴንት ቤኔዲክት ይባላል። ዛሬ የወንዶቹ፣ ማለትም የሴንት ጆንስ፣ እና የሴቶቹ ኮሌጅ ትምህርታቸው አንድ ነው፤ ወንዱም ሴቷም በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የሚያመላልሳቸው አውቶቡስ አለ። ከ2022 ጀምሮም ሁለቱን የሚመራው አንድ ፕሬዚዳንት ነው። ዲፕሎማው ላይ ግን የየራሳቸው ስም እንዳለ ነው፤ መነኮሳት ስማቸውን በቀላሉ አይለቁም።

ትምህርቱ ምን ይመስላል? አንድ ልጅ አካውንቲንግ ሊያጠና ቢገባ አካውንቲንግ ብቻ ተምሮ አይወጣም። ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሳይንስ፣ የውጭ ቋንቋ፣ ኪነ ጥበብ፣ እንዲሁም ነገረ መለኮት የመሳሰሉትን ቀላቅሎ ይወስዳል። ነገረ መለኮቱን ለመማር ካቶሊክ መሆን አያስፈልግም፤ ፕሮቴስታንቱም እስላሙም ምንም የማያምነውም ይማረዋል፤ ፈተናውም የእምነት መግለጫ አይደለም። ይህ ዓይነት ትምህርት ከመካከለኛው ዘመን የመጣ ነው። ያኔ ሰባት ነበሩ፤ ሰዋስው፣ የሙግት ጥበብና የንግግር ጥበብ በአንድ ወገን፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ዜማና የከዋክብት ትምህርት በሌላው። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያ ወደ መጽሐፍ ቤት ለሚሄድ የኛ ተማሪ ሐሳቡ ባዕድ አይሆንበትም። ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ባለቅኔ ሆኖ እንጀራ አይበላበትም፤ አስተሳሰቡ ግን ይሳላል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ምን ሥራ ያስገኛል?» የሚለውን የወላጆች ጥያቄ እሰማለሁ። ሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ግዛት ስለሆነ ጥያቄው ለብዙ ቤተሰብ የሩቅ አይደለም። መልሴ አጭር ነው፤ ከዚያ የወጡት ሐኪምም የባንክ ሠራተኛም መምህርም ይሆናሉ። ከተመራቂዎቹ አንዱ በ1968 ለፕሬዚዳንትነት ምርጫ ተወዳድሮ የቬትናምን ጦርነት በአደባባይ የተቃወመው ሴናተር ዩጂን ማካርቲ ነው። ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልጨምር። የግል ኮሌጅ በይፋ የሚያወጣው ክፍያ ያስደነግጣል፤ አብዛኛው ተማሪ የሚከፍለው ግን ያንን አይደለም። ኮሌጁ ራሱ እንደ ቤተሰቡ አቅምና እንደ ልጁ ውጤት ይቀንሳል። የወጣውን ዋጋ አይቶ ሳያመለክት የቀረ ወላጅ ሳይጠይቅ ተሸነፈ ማለት ነው።

ወደ ግቢው ልግባ። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን በ1961 ያለቀ የኮንክሪት ሕንፃ ነው። ንድፉን የሠራው በሃንጋሪ የተወለደው፣ በጀርመን ባውሃውስ ትምህርት ቤት የተማረውና ያስተማረው ማርሴል ብሮየር ነው። ከፊት ለፊቱ ደወሎቹን የተሸከመ፣ 34 ሜትር ገደማ የሚረዝም የኮንክሪት ግድግዳ ቆሟል። በዚያ ዘመን መነኮሳት የጥንቱን አውሮፓ የሚመስል ሕንፃ ማሠራት ይቀናቸው ነበር፤ የኮሌጅቪሎቹ ግን በዘመኑ ቋንቋ ይነገረን አሉ። በሌላም ነገር ቀድመው ሄደዋል። በ1926 ቨርጂል ሚሼል የተባሉት መነኩሴ ምእመናን በቅዳሴ ውስጥ ተመልካች ብቻ እንዳይሆኑ የሚሞግት መጽሔት ከዚያው ጀመሩ። ሮም ራሷ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወደዚህ ሐሳብ የመጣችው በ1960ዎቹ ነው።

ስለ እግር ኳሳቸው ሳልናገር ባልፍ የኮሌጁ ልጆች ይቀየሙኛል፤ የአሜሪካኑን እግር ኳስ ማለቴ ነው። ጆን ጋግሊያርዲ በ1953 መጥተው እስከ 2012 አሠለጠኑ፤ በመላው የአሠልጣኝነት ዘመናቸው 489 ጨዋታ በማሸነፍ በኮሌጅ እግር ኳስ ማንም አሠልጣኝ ያልደረሰበት ቁጥር አስመዘገቡ። ፊሽካ አይነፉም፤ በልምምድ ላይ ተጫዋቾች እንዲጣጣሉ አይፈቅዱም፤ «አሠልጣኝ» ተብለው መጠራትም አይወዱም፣ ጆን በሉኝ ይሉ ነበር። ኮሌጁ በሚጫወትበት ምድብ ውስጥ ለስፖርት ተብሎ የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጠው ተጫዋች የለም።

ለኛ ሰው ይበልጥ የሚገርመው ሌላ ሥራ ነው። በ1998 ገዳሙና ኮሌጁ ለብሪታንያዊው የቁም ጽሕፈት ባለሙያ ለዶናልድ ጃክሰን አንድ ሥራ ሰጡ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ከኦሪት ዘፍጥረት እስከ ዮሐንስ ራእይ በእጅ፣ በብራና ላይ እንዲጽፍላቸው። በኮምፒውተር ዘመን! ሥራው በ2011 አለቀ፤ ሰባት ቅጽ ሆነ። ብራናው የጥጃ ቆዳ ነው፤ ብዕሩ ከዝይ፣ ከቱርክና ከስዋን ላባ የተቀረጸ ነው፤ ለጥቁሩ ቀለም የተጠቀሙት በቻይና የተሠራ የቆየ የቀለም ዱላ ፈጭተው ነው። አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው አንድ መስመር ዘልሎት ኖሯል። ብራና እንደ ወረቀት ቀድደህ አትጥለውም። ስለዚህ የተዘለለውን መስመር በገጹ ግርጌ ጻፉትና ንብ በገመድና በመዘውር ወደ ቦታው ስትጎትተው አድርገው ሣሉ። የኛ ጸሐፍት የተዘለለ ቃል ሲያጋጥማቸው ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ንብ የሣለ ግን አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በየካቲት 1944 የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በአየር ድብደባ ፈረሰ። መጻሕፍቱ አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ተወስደው ስለነበር ተረፉ። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲመጣና የኑክሌር መሣሪያ ሲከማች የኮሌጅቪል መነኮሳት በሚቀጥለው ጦርነት የአውሮፓ ገዳማት ቤተ መጻሕፍት አመድ ቢሆኑስ ብለው ፈሩ። በ1965 አባ ኦሊቨር ካፕስነር የሚባሉ መነኩሴ ወደ ኦስትሪያ ተልከው የገዳማቱን ብራና በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ዋናው መጽሐፍ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ፊልሙ ብቻ ወደ ሚኒሶታ ይሄዳል። ዛሬ ሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤት የሚባለው ተቋም የተወለደው እንዲህ ነው።

ኢትዮጵያ የተጨመረችው በ1973 ነው። ይህን በቀላሉ አትለፉት። የኛ ቤተ ክርስቲያን ስለ ካቶሊክ የምታስታውሰው ዐፄ ሱስንዮስን ነው፤ ደም የፈሰሰበትን፣ ፋሲለደስ በ1632 ነግሠው ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ካህናት ያባረሩበትን ዘመን። በመሃል የተቀየረ ነገር ቢኖር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1945 ጀምሮ ለተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የካናዳ ኢየሱሳውያንን ማምጣታቸው ነው። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከነዚሁ አንዱ፣ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ስምምነቱ የታወቀ ነው፤ ቀሚሳቸውን አውልቀው ሱፍና ከረባት ይለብሳሉ፣ ያስተምራሉ፣ አይሰብኩም። ብዙ ተማሪ መምህሩ ካህን መሆኑን ቢያውቅም ዶክተር እያለ ይጠራው ነበር። እኔ እንደማየው የ1973ቱ ሥራ መንገዱ የተጠረገው በእነዚህ ከረባት ባሰሩ ካህናት ነው፤ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሊያየው ይችላል።

ሥራው በመንበረ ፓትርያርኩ ፈቃድ፣ በአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ምሁር በዋልተር ሃረልሰን ቀስቃሽነትና በኮሌጅቪል አደራጅነት ተጀመረ። ካሜራው የቆመው አዲስ አበባ ነው፤ የሚሠሩትም ኢትዮጵያውያን ናቸው። መጽሐፉ ከየደብሩና ከየገዳሙ ይመጣል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ገጹ አንድ በአንድ እየተገለጠ ይነሣል፣ ከዚያ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ፊልሞቹን ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው ጠርዙ የተጠማዘዘ ብራና አልተኛ ሲል የገላጩ ጣት ዳር ላይ ብቅ ይላል። ያ ጣት የማን እንደሆነ መዝገቡ አይነግረንም። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ይቀራል፣ ሌላው ኮሌጅቪል ይሄዳል። አብዮቱ ፈነዳ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወረሰ፤ ካሜራው ግን ሥራውን ቀጠለ።

በ1832 ቁጥር የተመዘገበውን ወንጌል ውሰዱ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280 አካባቢ ለገዳማቸው ያሠሩት። ወንጌሉ ብቻ አይደለም ዋጋው። ባዶ በቀሩት ገጾቹ ላይ የገዳሙ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ዝርዝር፣ ስጦታና ታሪክ ተጽፎበታል። መዝገብ ቤት ባልነበረበት አገር ወንጌል ራሱ መዝገብ ቤት ሆኖ አገልግሏል፤ ማን በእጁ ሐሰት ይጽፍበታል? የአገሪቱን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ዛሬ የሚያነቡት እንዲህ ያሉትን የኅዳግ ጽሑፎች ነው።

ይህን ሁሉ ያነበበው ሰው ማን ነው? ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ። በ1931 በሸዋ፣ በሸንኮራ ተወለዱ፤ ከአብነት ትምህርት ተነሥተው ካይሮ፣ ከካይሮ ጀርመን ቱቢንገን ደርሰው ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው መጥተው ተኮሱባቸው። ጥይቱ ወገባቸውን ስለመታው ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልሄዱም። ለሕክምና ከአገር ወጡና በ1976 ኮሌጅቪል ገቡ። ቀደም ሲል እንግዳ ስለ መቀበል የሚናገረውን ምዕራፍ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በበረዶ አገር፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በማይክሮፊልም ማንበቢያ መሣሪያ ፊት ተቀምጠው አገራቸውን ገጽ በገጽ አነበቡ።

የካታሎጉ የመጀመሪያዎቹ ቅጾች በዊሊያም ማኮምበር የተዘጋጁ ናቸው፤ ከአራተኛው ቅጽ ጀምሮ የፕሮፌሰር ጌታቸው ስም አለበት፤ አሥረኛው በ1993 ሲወጣ እስከ 5,000ኛው መጽሐፍ ድረስ ያለው ተዘርዝሮ ነበር። ካታሎግ ስል የርእስ ዝርዝር እንዳይመስላችሁ። ተአምረ ማርያም ከሆነ የትኞቹ ተአምራት እንዳሉበት፣ ገድል ከሆነ የማን እንደሆነ፣ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው ኑዛዜና የርስት ውል ሳይቀር ይነበባል። ከዚያው ሥራ ደቂቀ እስጢፋኖስን ለአማርኛ አንባቢ አመጡልን፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ለሥዕልና ለንጉሥ አንሰግድም ብለው የተገደሉትን፣ የተሰደዱትን መነኮሳት። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን የጻፉት ባሕረ ሐሳብም በብዙ ቤት አለ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021፣ በ90 ዓመታቸው፣ አረፉ። ኦርቶዶክስ ሆነው ኖሩ፣ ኦርቶዶክስ ሆነው አረፉ። ከካቶሊክ መነኮሳት ጋር አርባ ዓመት የዘለቀ ግንኙነት ሃይማኖታቸውን አልነካባቸውም፤ ይህን ለሁለቱም ወገን ክብር አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

አሁን ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለኝ። ዕቃ ጠብቅ፣ መጽሐፍ አንብብ፣ እንግዳ ተቀበል በሚል ሥርዓት ውስጥ ለዘመናት የኖረ ማኅበር የሌላውን መጽሐፍ ሲያይ እጁ ዝም ብሎ ወደዚያው ይሄዳል። ትርፍ የሚያሰላ ተቋም በ1973 ግእዝን አይነካውም ነበር፤ በሚኒሶታ የግእዝ ተማሪ አልነበረማ። የሃይማኖት ኮሌጅ ለገዛ ሃይማኖቱ የሚሠራው የሚጠበቅ ነው፤ እኔ የምመዝነው የሱ ባልሆነው ነገር ላይ ባደረገው ነው።

ግን መነኮሳቱን መላእክት አድርጌ ልስላቸው አልፈልግም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገዳሙ የአገሬው ተወላጅ ልጆች ከወገናቸው ተለይተው የሚያድሩበት ትምህርት ቤት ነበረው፤ ልጆቹ ቋንቋቸውንና ባህላቸውን እንዲተዉ የተገፉበት ዘመን ነው። የሌላውን መጽሐፍ ለማዳን ባሕር የተሻገረው ማኅበር የጎረቤቱን ልጅ ቋንቋ አላዳነም። ከዚያም በቅርቡ፣ በመነኮሳት በሕፃናትና በወጣቶች ላይ ለተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ገዳሙ በፍርድ ቤት ተከሷል፣ ካሣ ከፍሏል፣ የተወነጀሉትን መነኮሳት ስም ዝርዝር በይፋ አውጥቷል። ይህን ትቶ ስለ ብራናው ብቻ የሚያወራ ተናጋሪ ካያችሁ አትመኑት። ዛሬ የመነኮሳቱም ቁጥር በጣም ቀንሷል፤ ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው በአብዛኛው ባለትዳሩ፣ ምእመኑ ነው። መነኮሳት የሌሉበት የመነኮሳት ኮሌጅ ምን ይሆናል የሚለው በካቶሊክ ኮሌጆች ሁሉ ዘንድ ያለ ጭንቀት ነው።

ማይክሮፊልሙም ዘመኑ አልፎ በዲጂታል ተተክቷል። በአባ ኮሎምባ ስቱዋርት መሪነት ሥራው ወደ ሶርያ፣ ኢራቅና ማሊ ሄዷል፤ በቲምቡክቱ የእስልምና መጻሕፍትም ተካተዋል። ከኛም የደቂቀ እስጢፋኖስ መናኸሪያ የነበረው የጉንዳ ጉንዶ ገዳም መጻሕፍት በዲጂታል ተነሥተዋል። በ2020 በተጀመረው ጦርነት በትግራይ ያሉ ገዳማት ምን እንደደረሰባቸው ለምታውቁ የዚህን ትርጉም መንገር አያስፈልገኝም።

«ቅርሳችን ለምን በፈረንጅ እጅ?» የሚሉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ብራናው ግን አልሄደም፤ የሄደው ምስሉ ነው፤ ቅጂውም እዚሁ ቀርቷል። ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አሥሩም የካታሎግ ቅጾች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። እነዚያን መጻሕፍት ከማንም በላይ የሚያነብባቸው የመጽሐፍ መምህር፣ ጎንደር ወይም ጎጃም ጉባኤ ዘርግቶ የሚያስተምረው፣ በገዛ ደብሩ ስለተነሣው ድጓ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም። ካታሎጉን ወደ አማርኛ መመለስ የኮሌጅቪል ሥራ አይደለም። የነገረ መለኮት ኮሌጆችና የግእዝ ትምህርት ክፍሎች አሉን፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚያጡ ተማሪዎችም በየዓመቱ አሉ። ለአንድ ተማሪ መቶ መጽሐፍ ቢሰጥ ሃምሳ ተማሪ አምስቱን ሺህ ይጨርሳል።